ተጨማሪ መረጃ፦ የሳቮይ ወለል

ጥንድ ሆኖ ለመጨፈር ከሁሉም በፊት ጥሩ ወለል ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ላይ ሲጨፈር ጉልበትና ወገብ ቶሎ ይደክማል፤ ሻካራ ወለል ደግሞ ሲዞሩ ጫማ ይይዛል፣ ጉልበትም ሊጠመዝዝ ይችላል። እንጨት ግን እግርን ተቀብሎ ይመልሳል።

በ1926 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሃርለም የተከፈተው ሳቮይ የዳንስ አዳራሽ ወለሉ የሜፕል እንጨት ነበር። ሁለት የባንድ መድረኮች ስለነበሩት አንዱ ባንድ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ጨፋሪው ሙዚቃ አይቋረጥበትም። ሊንዲ ሆፕ የተባለው ጭፈራ ያደገው እዚህ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ብዙ አዳራሾች ጥቁሮችን በሚከለክሉበት ዘመን ሳቮይ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚጨፍሩበት ቤት መሆኑ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ተዘጋ።

እናንተም ለጭፈራ አዳራሽ ስትመርጡ ከመብራቱና ከጌጡ በፊት ወለሉ ላይ በጫማችሁ ዞር ብላችሁ ሞክሩት።