ብልቃጧን ይዘው ይምጡ

በጉለሌ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች እርስ በርስ የምናወራው፣ ለግላኮማ ታካሚ ግን እምብዛም የማንነግረው ነገር አለ። ቀረብ ይበሉና ልንገርዎ። በቀጠሮ ቀን የምንለካው የዓይን ግፊት ብዙ ጊዜ ያታልለናል። ጠብታውን ለሳምንታት የዘለለ ሰው ቀጠሮው ሲቃረብ ይጀምራል፤ ያን ዕለት ጠዋትም አድርጎ ይመጣል። ግፊቱ ወርዶ ይገኛል፣ «ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ይባላል። የዓይን ነርቩ ግን በነዚያ ሳምንታት ሲጎዳ ከርሟል።

ስለዚህ እኔ ከግፊት መለኪያው ማሽን በፊት የጠብታዋን ብልቃጥ አያለሁ። 5 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ከ100 እስከ 150 ጠብታ ገደማ ትሰጣለች። ቲሞሎል የተባለው የግላኮማ ጠብታ በቀን 2 ጊዜ ለሁለቱም ዓይን ከተደረገ በቀን 4 ጠብታ ነው፤ ወር አካባቢ ማለቅ አለባት። በሁለተኛው ወር ነቅነቅ ሳደርጋት ገና የምትንቦጫረቅ ከሆነ ገብቶኛል። በሁለት ሳምንት ካለቀች ደግሞ ጉንጭ ላይ እየፈሰሰች ነው። ያኔ «እማማ፣ እስቲ እዚሁ ያድርጉት» እላለሁ። እማማ ቀና ይላሉ፣ ጠብታዋ ልትወርድ ስትል ዓይናቸውን ጭፍን ያደርጋሉ፣ መድኃኒቱ በዓይናቸው ቆብ ላይ ይንሸራተታል፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው «ይኸው ልጄ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የማደርገው» ይሉኛል። ችላ ብለው አይደለም። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ እንዴት እንደሚጨመር ማንም አላሳያቸውም።

ሁለት መድኃኒት በአንድ ብልቃጥ ወደያዙት ጥምር ጠብታዎች ልምጣ። ዶርዞላማይድ ለብቻው በቀን 3 ጊዜ፣ ቲሞሎል 2 ጊዜ ይደረጋል፤ አንዱ ሌላውን አጥቦ እንዳያወጣው በመካከል 5 ደቂቃ መጠበቅ አለ። በአንድ ብልቃጥ ሲሆኑ በቀን 2 ጊዜ ይበቃል። ያቃጥላል፣ አፍንም ይመራል፤ «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» ብለው የሚጥሉት አሉ። ከጨመሩ በኋላ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ደቂቃ ጫን ማድረግ ምሬቱን ይቀንሳል። ብሪሞኒዲን ከቲሞሎል ጋርም እንዲሁ 2 ጊዜ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ዓይኑን ያቀላዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍም ይለዋል። ላታኖፕሮስት ከቲሞሎል ጋር በቀን 1 ጊዜ ስለሆነ እጅግ ይመቻል። ነገር ግን አብዛኛው ዓይነት ሳይከፈት ፍሪጅ ይፈልጋል፤ የሦስት ወሩን ባንዴ ገዝቶ ከአዲሱ ገበያ ወደ ፍቼ ለሚሳፈር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእኔ የተሻለው ጥምር በሚቀጥለው ወርም በሰፈርዎ መድኃኒት ቤት የሚያገኙትና መግዛት የሚችሉት ነው።

ጥምሩ ሲታዘዝልዎ የድሮዋን ቲሞሎል ምን እንዳደረጓት ሳይጠየቁ ይናገሩ። ገንዘብ ወጥቶባታልና ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ፤ ቲሞሎሉ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አስም ያለበት ወይም የልብ ምቱ ዘገምተኛ የሆነ ሰውማ ከመጀመሪያውም ሊሰጠው አይገባም ነበር። ሰልፉ ሲበዛ ይህን መጠየቅ ይዘነጋል።

እንጦጦ ጠበል ገብተው ጠብታውን ካቆሙም ይንገሩን። ጠበሉም ጠብታውም አብረው ይሄዳሉ። ታካሚዎች እንዲደብቁን ያደረግናቸው እኛው በቁጣችን ነን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ጠብታ መዝለል የድሃ አገር ሰው ጉድለት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት የግላኮማ ጠብታው በነፃ ተሰጥቷቸው፣ መሣሪያ እንደሚቆጣጠራቸውም እያወቁ፣ ከታካሚዎቹ 45 ከመቶ ያህሉ ከታዘዘላቸው ከሦስት አራተኛ በታች ነው ያደረጉት። ታንዛኒያ፣ ኪሊማንጃሮ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች የሌዘር ሕክምናን ከቲሞሎል ጋር አወዳደሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘር 61፣ በቲሞሎል 31 ከመቶ ዓይኖች ተሳክቶላቸዋል። እና ጠብታው እንዳልሆነልዎ ከነገሩን ወደ ሌዘር ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና ልንልክዎ እንችላለን። ዝም ካሉን ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ሌላ ጠብታ እንጨምርልዎታለን።