አንድ አቅራቢ፣ አንድ መዝገብ

እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የተባለ ሊቱዌኒያዊ ከጉግልና ከፌስቡክ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማጭበርበር ወሰደ። ካዝና አልሰበረም። ለሁለቱም ዕቃ የሚያቀርብ ኳንታ ኮምፒውተር የሚባል የታይዋን ድርጅት አለ፤ ሰውየው በላትቪያ በዚያው ስም ኩባንያ አስመዘገበ። ከዚያ ሐሰተኛ የክፍያ መጠየቂያና ውል እያዘጋጀ፣ ኢሜይል እየላከ፣ ገንዘቡን በላትቪያና በቆጵሮስ ወደከፈታቸው ሒሳቦች አስገባ። በ2019 ኒውዮርክ ላይ የ5 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ልብ በሉ፤ የአቅራቢው ስም ትክክል ነበር። ገንዘቡ የገባበት የባንክ ሒሳብ ግን የአቅራቢው አልነበረም። አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አቅራቢዎቹ የሚይዘው መረጃ ተራ የቢሮ ወረቀት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ገንዘብ የሚወጣው በዚያ መረጃ በኩል ነው!

አሁን ወደምናውቀው ቢሮ እንምጣ። የግዥ ክፍሉ ፕሮፎርማ የሰበሰበባቸውን ድርጅቶች በክላሰር ይዟል። ፋይናንስ የራሱ ኤክሴል አለው። ቅርንጫፎቹ ደግሞ የነጋዴውን ስልክ በሠራተኛው ሞባይል ላይ ነው የሚያስቀምጡት። አቅራቢው ሒሳብ ቁጥሬን ቀይሬያለሁ ብሎ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው የትኛው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል? ማንስ ያጣራል? መዝገቡ አንድ ሲሆን ግን ለውጡ የሚገባበት በር አንድ ብቻ ይሆናል፤ በሩ ላይም ሥርዓት ማቆም ይቻላል። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በተመዘገበው ስልክ ተደውሎ ይጠየቃል፤ መረጃውን የሚያስገባው ሰው ሌላ፣ የሚያጸድቀው ሌላ፣ ክፍያ የሚፈጽመውም ሌላ ይሆናል።

የአንድ መዝገብን ሁለተኛ ጥቅም እኔ እጅግ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም የፊደላችን ጉዳይ አለበት። ስሙ ፀሐይ የሚል አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ እናስብ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላዋ «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይ» ብለው ይመዘግቡታል። እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ የክፍያ መጠየቂያ በሁለት ስም ገብቶ ሁለቴ ሊከፈል ይችላል፤ ሥርዓቱ ድግግሞሹን የሚያይበት መንገድ የለውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የማይታየው ኪሳራ ነው። ሦስት ቅርንጫፎች ከዚሁ ነጋዴ ወረቀትና ቶነር በሦስት ዋጋ ይገዙ ይሆናል። ግዥው ተደምሮ ቢታይ ቅናሽ የሚያስጠይቅ ብዛት ነበረው፤ ተበታትኖ ግን ሁሉም እንደ ትንሽ ደንበኛ ይደራደራል።

መፍትሔው ስሙን ማረም ብቻ አይደለም፤ አቅራቢውን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ (ቲን) ማወቅ ነው። ቲን ቁጥር አሥር አሃዝ ነው፤ የሆሄ ልዩነት አይነካውም። ሕጉም ቢሆን ለዚህ መረጃ ክብደት ሰጥቶታል፦ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 አቅራቢው ቲኑንና የንግድ ፈቃዱን ካላቀረበ ገዢው ከክፍያው 30 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር ደንግጓል። ንግድ ፈቃድ ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። በአንድ መዝገብ ላይ ያላሳደሰው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታያል፤ በክላሰር ውስጥ ግን የሚታወቀው ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ለአቅራቢውም እፎይታ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ2002 እ.ኤ.አ. ኮኔፕስ የተባለውን የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ስትዘረጋ ነጋዴው አንዴ ተመዝግቦ በየመሥሪያ ቤቱ ጨረታ መወዳደር ቻለ፤ የምዝገባና የግብር ማስረጃውንም ሥርዓቱ ራሱ ከሚመለከታቸው ቢሮዎች ያመጣለታል። በአገራችንም የፌዴራሉ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት በዚሁ አቅጣጫ እየሄደ ነው። ፎቶኮፒ ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ መዞር የሰለቸው ትንሽ ነጋዴ ወደ ጨረታ ሲገባ ውድድሩ ይሰፋል፤ ገዢውም የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለያለሁ፦ መረጃውን ማማከል ውሳኔውን ማማከል አይደለም። የባሕር ዳር ቅርንጫፍ አትክልቱን ከባሕር ዳር ገበያ ይግዛ፤ ከማን እንደገዛና በስንት እንደገዛ ግን ሁሉም ይወቀው። መዝገቡም ባለቤት ይፈልጋል። ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ካልተወሰነ አንድ ስሕተት ሁሉም ቅርንጫፍ ይደርሳል።

ለመጀመር ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የአምናውን የክፍያ ዝርዝር ኤክሴል ላይ አውጡና በቲን ቁጥር ደርድሩት፤ አንድ ቁጥር ሁለት ሦስት ስም ይዞ ታገኙታላችሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ዓምዱን «ጽሑፍ» አድርጉት፤ ብዙ ቲን በዜሮ ይጀምራል፣ ኤክሴል ደግሞ ከፊት ያለውን ዜሮ ይጥለዋል።