ኩራዝ ጠፋ፤ መጻሕፍቱስ?

ኩራዝን አይቶ ለማያውቅ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው፤ አንድ ባዶ ጣሳ፣ የጨርቅ ክር፣ ትንሽ ላምባ። እኛ የኮሶበር (የእንጅባራ) ልጆች ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲያመሽ በዚያች ብርሃን ተጎንብሰን ያነበብን ነን፤ ጠዋት አፍንጫችን በጥቀርሻ ተሞልቶ እንነሣለን። ከምናነባቸው መጻሕፍት የአንዳንዶቹ ሽፋን ላይም ያው ስም ነበር፦ «ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት»።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ የአባቱን የመጻሕፍት ሣጥን ሲከፍት አጠገቡ ነበርሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ሙጫው ደርቆ፣ ገና ሲገለጥ ቅጠሉ እጅ ላይ ይቀራል። ጀርባው ላይ ዋጋው በብርና በሳንቲም ተጽፏል፤ በዚያ ገንዘብ ዛሬ ሻይ አይጠጣም። ወዳጄ አሳታሚውን አግኝቶ እንደገና ያሳትምልን እንደሆነ ሊጠይቅ ፈለገ። ማንን ይጠይቃል?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያሻል። አታሚ ማሽን ያለው ነው፤ ወረቀቱን አስገብቶ ቀለሙን የሚያሳርፍ። አሳታሚ ግን ድርሰቱን መርጦ፣ አርሞ፣ ከደራሲው ተዋውሎ፣ ገንዘቡን አውጥቶ መጽሐፉን ለገበያ የሚያበቃ ነው። በአገራችን ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ስለ ኖሩ አንዱ በሌላው ስም ይጠራል። አሟሟታቸው ግን ለየቅል ነው። አታሚ ሲዘጋ ማሽኑ ይሸጣል ወይም ይወረሳል። አሳታሚ ሲዘጋ የሚቀረው ያሳተማቸው መጻሕፍት ዝርዝርና ከደራሲዎቹ ጋር የገባው ውል ነው።

በሌላው ዓለም ገዢ የሚሻማው ይህንኑ ዝርዝር ነው። የእንግሊዙ ፔንግዊን በ2005 ዓ.ም. ከራንደም ሐውስ ጋር ሲዋሐድ ዋናው ሀብቱ ሕንጻው አልነበረም፤ ለአሥርት ዓመታት ያሳተማቸው መጻሕፍት መብት ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ ስሙን ቢለውጥም የቆየው መጽሐፍ ወራሽ አያጣም።

የእኛ ታሪክ ሌላ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤታቸው የራሳቸውን መጻሕፍት ያወጡ ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲወር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ላይ ዐረፉ። የጎሐ ጽባሕ ስም ዛሬ የሚገኘው በቀሩት መጻሕፍት ላይ ነው። አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948፣ የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አትሟል። ከአብዮቱ በኋላ ማተሚያ ቤቱ የመንግሥት ሆነ፤ መዝገበ ቃላቱን ግን አንባቢ እየገለበጠ እርስ በርሱ ተቀባበለው። በአንጻሩ በ1914 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ መኰንን የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም፣ ሥርዓት ሲለዋወጥ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ ዛሬ ያትማል።

ኩራዝ የደርግ ዘመን የመንግሥት አሳታሚ ነበር። ከሥራዎቹ ሁሉ ዕጣው የከፋው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገው ይህ ልቦለድ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። አሳታሚው የመንግሥት፣ ሰብሳቢውም መንግሥት። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን በድብቅ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ኩራዝ እየተዳከመ ሄዶ ጠፋ፤ የኢሕአዴግ ወገን የነበረው ሜጋ በአሳታሚነትም በመጻሕፍት መደብሮቹም ገበያውን ያዘ። «ኦሮማይ» ግን አሳታሚውንም ከልካዩንም አልፎ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ።

እንግዲህ የኩራዝ እውነተኛ ወራሽ ማን ነው? አንድም ድርጅት አይደለም። አንዱ ወራሽ ራሱ ደራሲው ነው፤ ተበድሮ ማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ ለአከፋፋይ ያስረክባል፣ ገንዘቡን ደጅ ይጠናል። ሁለተኛው አዟሪው ነው፤ መጽሐፉን ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ከካፌ ካፌ የሚዞረው። ሦስተኛው ሣጥኑን ያልጣለው ቤተሰብ ነው።

ሕጉ መንገድ አልዘጋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ አሳታሚው ሞተ ማለት መጽሐፉ ባለቤት አጣ ማለት አይደለም፤ ደራሲው ካለ እሱን፣ ከሌለም ወራሾቹን መፈለግ ነው። ለወዳጄም የነገርሁት ይህንኑ ነው። ጭንቁ ፍለጋው ላይ ነው፤ የአሳታሚው መዝገብ ሲበተን የውሉ ዱካም አብሮ ይጠፋል። ማሽን ወርሰናል፣ ሕንጻ ወርሰናል፤ የመጻሕፍት ዝርዝር መውረስ ግን አልለመድንም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ማስቀመጥና እንደገና ማሳተም ግን ይለያያሉ።

እንጅባራም ይኑሩ ዳንግላ፣ ቤትዎ ሽፋኑ የወለቀ አሮጌ መጽሐፍ ካለ የውስጡን የመጀመሪያ ገጽ አደራ አይጣሉ። የአሳታሚው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የመብቱ ባለቤት ያሉት እዚያች ገጽ ላይ ነው። ነገ ላሳትመው ብሎ የሚነሣ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከእርስዋ ነው።