ባሕሩ የሸፈነው ሒሳብ፦ የተርነር ሥዕልና የባሪያ ንግድ ውርስ

የአውሮፓ የባሕር ሥዕሎች ሲተነተኑ በአብዛኛው የሚነሣው ስለ ብርሃንና ስለ ማዕበል ነው። መርከቡ ምን እንደጫነና ጭነቱ ማንን እንዳበለጸገ እምብዛም አይጠየቅም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር በ1840 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ሮያል አካዳሚ ለእይታ ያቀረበው፣ በተለምዶ «የባሪያ መርከብ» የሚባለው ሥዕል ይህን ዝምታ ለመመርመር ያስችላል።

በሥዕሉ ላይ አስቀድሞ ዓይን የሚስበው በቀይና በወርቃማ ቀለም የተጥለቀለቀው ሰማይ ነው። በግርጌው ያለው በብረት የታሰረ እግርና ከውኃው የወጡት እጆች የሚስተዋሉት ዘግይቶ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ሥዕሉን በ1781 በዞንግ መርከብ ከተፈጸመው ግድያ ጋር ያያይዙታል። የመርከቡ ሰዎች የመጠጥ ውኃ አንሷል በሚል ምክንያት ከ130 በላይ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ጣሉ፤ ባለቤቶቹ የሆኑት የሊቨርፑል ነጋዴዎችም ለእያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ የመድን ካሣ ጠየቁ። በ1783 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የክርክሩ ጭብጥ የጠፋ ንብረት ዋጋ እንጂ የነፍስ ግድያ አልነበረም። በግድያ የተከሰሰም የለም።

ሆኖም ንግዱ የሚገኘው በሥዕሉ ይዘት ብቻ አይደለም። ተርነር ራሱ በ1805 በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት በሚካሄድ የጃማይካ የከብት እርባታ 100 ፓውንድ አውጥቶ ድርሻ ገዝቶ ነበር። የጥበብ ሐያሲው ጆን ራስኪን ደግሞ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ የባሕሩን አሳሳል በሰፊው ሲያወድስ፣ መርከቡ ባሪያ ጫኝ መሆኑን የገለጸው በግርጌ ማስታወሻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አባቱ ሥዕሉን ገዝቶ ሰጠው።

ስለዚህ ተርነር የንግዱን ግፍ በሸራ ያሳየ ሠዓሊም፣ ከዚያው ሥርዓት ትርፍ የጠበቀ ባለድርሻም ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ይህ የሚታየው ሥዕሉ ከመድን ክርክሩ፣ ከባለድርሻዎች ዝርዝርና ከባለቤትነት ታሪኩ ጋር አብሮ ሲነበብ ነው። እነዚህ ሰነዶች ግን የነጋዴዎቹን ስም ሲያቆዩ የሰመጡትን ስም አላቆዩም። ተመራማሪው መዛግብቱን የእውነት ምንጭ ብቻ ሳይሆን የዚያው ንግድ ውርስ አድርጎ ሊመረምራቸው የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።