ደጉ እርሾና የማኅፀን በር፦ ስለ ካንሰሩ የሚባለውና እውነታው

መንዝ ውስጥ ሊጥ ያቦካች ሴት ሁሉ የእርሾን ነገር ታውቃለች። እርሾው ደግ ከሆነ ሊጡ በወጉ ይኮመጥጣል፤ በኮመጠጠ ሊጥ ላይ ደግሞ ክፉ ተሕዋስያን እንዳሻቸው አይራቡም። ይህን ሥራ የሚሠሩላት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ላክቶባሲለስ የሚባለው የባክቴሪያ ወገን ነው። የዚሁ ወገን ዘመዶች በሴት ብልት ውስጥም ይኖራሉ። እዚያም አካባቢውን እያኮመጠጡ ክፉውን ያርቃሉ። በሰውነታችን ላይና ውስጥ የሚኖረውን ይህን የጥቃቅን ሕይወት ማኅበር ሳይንስ ማይክሮባዮም ይለዋል።

ነገሩን የማነሣው የማኅፀን በር ካንሰር እናቶቻችንን እየወሰደ ስለሆነ ነው። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው እርሱ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በአገራችን በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዛሉ፣ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉ። ብዙዎቹ ሊድኑ ይችሉ ነበር። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የመንገዱ ርቀት አለ፤ ከርቀቱ ሌላ ደግሞ ገበናን አውጥቶ ያለመናገር ልማድ አለ። በዝምታው መካከል ሲነገር የኖረውን አንድ በአንድ እንየው።

ይባላል፦ «ማኅፀኔን ብርድ መትቶት ነው።»

እውነታው፦ የመንዙ የጓሳ ደጋ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ካንሰር ግን አያመጣም። ዓይነ ጥላም፣ እርግማንም አያመጡትም። መንሥኤው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ይህን ስላረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ቫይረሱ ብዙ ዓይነት ነው፤ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከአሥር የማኅፀን በር ካንሰሮች ሰባቱን ያህል ያመጣሉ።

ይባላል፦ «የባለጌ ሴት በሽታ ነው።»

እውነታው፦ ይህ አባባል ከበሽታው እኩል ይገድላል፤ ሴቲቱን በኀፍረት አስሮ ቤት ያስቀምጣታልና። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ከባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴትም ከባሏ ልትያዝ ትችላለች። ወንዱ በአብዛኛው ምልክት ስለማያሳይ መያዙን እንኳ አያውቅም። በልጅነት መዳር ደግሞ አደጋውን ይጨምራል፤ የታዳጊዋ የማኅፀን በር ገና ያልጠና ስለሆነ ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ማድረጉ ከትምህርቷ ሌላ ማኅፀኗንም ይጠብቃል።

ይባላል፦ «ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው፤ ንጹሕ ሴት ውስጧን ታጥባለች።»

እውነታው፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ እህቶች ለመልካም ብለው ራሳቸውን የሚጎዱት በዚህ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን እ.ኤ.አ. በ1892 በጤነኛ ሴቶች ብልት ውስጥ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎችን አግኝቶ መዘገበ። ዛሬ አሠራራቸው በደንብ ይታወቃል። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የብልት ግድግዳ ግላይኮጅን የሚባል ስኳር እንዲያከማች ያደርጋል። ያ ስኳር ለላክቶባሲለስ ቀለብ ይሆንና በመጨረሻ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል። እርጎን የሚያኮመጥጠውም ይኸው አሲድ ነው። በዚህ ኮምጣጣ አካባቢ ክፉ ባክቴሪያዎች አይበረቱም፤ የማኅፀኑን በር የሚሸፍነው ንፍጥ መሰል ፈሳሽም ሳይቀጥን አጥር ሆኖ ይቆያል።

ላክቶባሲለሶቹ ሲመናመኑ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ። አሲዱ ይቀንሳል፣ ያ የፈሳሽ አጥር ይሳሳል፣ ግድግዳው ይቆጣል። ሐኪሞች ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ እንደ ዓሣ የሚሸት ሳሳ ያለ ፈሳሽ ያመጣል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዚህ ሁኔታ ያሉ ሴቶች ኤች ፒ ቪ ሲይዛቸው ቶሎ አይለቃቸውም። ጉዳዩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱን በራሳቸው አቅም ያጠፉታል፤ ካንሰር የሚያመጣው ለዓመታት ሳይለቅ የሰነበተው ነው።

ታዲያ በሳሙና፣ በጨው ውኃ ወይም በሎሚ ውስጥን ማጠብ ደጉን እርሾ ጠርጎ ማውጣት ነው። ብልት ራሱን ያጸዳል። ውጪውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ጢስ መሞቅም ቢሆን ቫይረሱን አይገድልም። ጠረኑ የተለወጠ፣ የሚያሳክክ ወይም ቀለሙ የተቀየረ ፈሳሽ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ በመድኃኒት ይታከማል።

ይባላል፦ «እንግዲያው እርጎ ማዘውተር ካንሰሩን ይከላከላል።»

እውነታው፦ እርጎ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን በእርጎ ያለው ባክቴሪያና በብልት የሚኖረው አንድ ወገን ቢሆኑም አንድ ዓይነት አይደሉም። ላክቶባሲለሶቹ ራሳቸው እኩል አይጠብቁም፤ ክሪስፓተስ የሚባለው ጠንካራ ዘበኛ ሲሆን ኢነርስ የሚባለው ግን ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ ክሪስፓተስን በብልት ውስጥ ማስቀመጥ የባክቴሪያል ቫጂኖሲስን ማገርሸት እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ግን የካንሰር መከላከያ መሆኑ አልተረጋገጠም። ባክቴሪያው ተዛብቶ ቫይረሱን ያቆየዋል ወይስ ቫይረሱ ገብቶ ባክቴሪያውን ያዛባዋል የሚለውም ገና እየተመረመረ ነው። ስለዚህ «ማኅፀን ያጸዳል፣ ካንሰር ይከላከላል» ተብሎ ለሚሸጥ እንክብልም ሆነ ዱቄት ገንዘባችሁን አታውጡ። ደጉን እርሾ መጠበቅ ለጤና ይረዳል፤ የክትባትንና የምርመራን ቦታ ግን አይተካም።

ይባላል፦ «ክትባቱ ልጃገረዶችን ያመክናል።»

እውነታው፦ አያመክንም። በክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱን ውጫዊ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ነው፤ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ ጠላቱን አስቀድሞ ይለያል። እንዲያውም መውለድን የሚያሳጣው ካንሰሩና ሕክምናው ነው። በስዊድን በተደረገ ሰፊ ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡ ሴቶች ላይ የማኅፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አገራችን ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በሁለት መርፌ ፈንታ በአንድ ጊዜ መርፌ ብቻ እንዲሰጥ አደረገች። ከግሼ ገደል ማዶ ለሚኖር ቤተሰብ የአንድ ቀን መንገድ ከሁለት መቅለሉን ማን ይክዳል?

ይባላል፦ «ካላመመኝ ምን ልመረመር እሄዳለሁ?»

እውነታው፦ ይህ በሽታ ሲጀምር አያምም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሴቶች ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት አደጋዋ ስድስት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ምርመራዋን ቀደም ብላ ትጀምር፣ ቶሎ ቶሎም ትመላለስ። ሌሎቹ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሁሉ ሳያማቸው መመርመር አለባቸው።

ምርመራው ደቂቃዎች ይወስዳል። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር ቀጠን ባለ የኮምጣጤ አሲድ ትቀባዋለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጥቶ ይታያል። ያ ቦታ ካንሰር ሳይሆን በፊት በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከምና ሴቲቱ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚታይ ደም ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ጸበል የጀመረች እናት ጸበሏን ትቀጥል፤ ሐኪሙንም አትተው። ሁለቱ አይጣሉም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ለገበያ የምትወጣ እናት ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ቆም ብላ «የማኅፀን በር ምርመራ ፈልጌ ነው» ትበል። ብቻዋን ከፈራች ጎረቤቷን ታስከትል፤ ባልም ሚስቱን፣ ልጅም እናቱን ይሸኝ። ለሊጧ እርሾ የምትሳሳ ሴት ለራሷም ትሳሳ።