አንድ ታብሌት፣ ሁለት መዝገብ

ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ ክሊራንሱን ይዞ ንብረት ክፍል ሲደርስ፣ ሠራተኛዋ መዝገቧን አይታ «በስምህ አንድ ላፕቶፕና አንድ ታብሌት አለ» ትለዋለች። አይቲ ክፍል ሲሄድ ግን ስክሪኑ ላይ ሌላ ነገር ይታያል። ታብሌቱ በሌላ ባልደረባ አካውንት ተከፍቶ ትናንት ማታ ሲሠራ አምሽቷል፤ ላፕቶፑ ደግሞ ከሦስት ወር ወዲህ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ሁለቱም መዝገቦች የያዙት እውነት ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ሁለቱን የማገናኘት ሥራ ዛሬ በአይቲ ዓለም ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል።

የንብረት መዝገብ የሚይዘው ዕቃው መቼ፣ በስንት ብርና ከማን እንደተገዛ፣ ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃና ማን ፈርሞ እንደተረከበው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲደረግ የኖረው ለዚሁ ነው። ሶፍትዌሩም የተሠራው ይህንኑ ሥራ ለማቅለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረው ጂኤልፒአይና ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው ስናይፕ-አይቲ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ አቅሙ ውስን የሆነ ድርጅትም በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭናቸው ይችላል። ትልልቅ ኩባንያዎች ሰርቪስናውን የመሳሰሉትን በክፍያ ይጠቀማሉ።

በምኅጻሩ ኤምዲኤም የሚባለው የሞባይል መሣሪያዎች አስተዳደር ሶፍትዌር የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ብላክቤሪ እ.ኤ.አ. በ1999 የቢሮ ኢሜይልን ኪስ ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ የጠፋን መሣሪያ ከርቀት መቆለፍና መረጃውን ማጥፋት የአይቲ ክፍል የዘወትር ሥራ ሆነ። አፕል በ2010 ከአይኦኤስ 4 ጋር የራሱን የአስተዳደር ሥርዓት ከፈተ፤ ማይክሮሶፍት በ2011 ኢንቱንን አወጣ፤ ጉግል በ2015 በአንድሮይድ ላይ የሥራና የግል መረጃ የሚለይበትን አሠራር አመጣ። ኤምዲኤም የመሣሪያውን የሲስተም ሥሪት፣ የቀረውን ቦታ፣ መረጃው በምስጢር ቁልፍ መጠበቁንና መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ያውቃል። ዋጋውን ግን አያውቅም፤ ካርቶኑ ሳይከፈት ግምጃ ቤት የተቀመጠውንም ዕቃ አያይም።

ሁለቱ የሚነጋገሩት ኤፒአይ በሚባለው የፕሮግራሞች መገናኛ በኩል ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ማገናኛው አብሮት ይመጣል፤ ለሌላው አጭር ፕሮግራም ተጽፎ በየሌሊቱ እንዲሠራ ይደረጋል። በኤክሴል አውጥቶ በእጅ መጫንም አለ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያው ማመሳከሪያ ከሁሉም የተሻለ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ዓይኑን ከእያንዳንዱ ረድፍ ላይ እንዲያሳርፍ ያስገድዳል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ልብ ሊላቸው የሚገቡ ገደቦችም አሉ። የማይክሮሶፍት ኤፒአይ ረጅም ዝርዝርን የሚሰጠው በገጽ በገጽ ከፋፍሎ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቦ የሚያቆም ፕሮግራም የቀሩትን መሣሪያዎች እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ስናይፕ-አይቲ ደግሞ ካልተቀየረ በቀር በደቂቃ ከ120 በላይ ጥያቄ አይቀበልም። 5,000 መሣሪያ ያለው ድርጅት እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ለመጠየቅ ብቻ ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል።

ይህ ሁሉ ግን የሚፈታ ነገር ነው። ዋናው ፈተና በኤምዲኤሙ ላይ ያለው ታብሌት በመዝገቡ ላይ ካለው ታብሌት ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ሲሪያል ቁጥሩ ነው፤ እሱም እንደሚታሰበው አስተማማኝ አይደለም። የአይፓድ ካርቶን ላይ ያለውን ባርኮድ በማንበቢያ ስታነቡ ከሲሪያሉ ፊት አንድ «ኤስ» ፊደል ተጨምራ ትገባለች። ኤምዲኤሙ ቁጥሩን የሚያገኘው ከመሣሪያው ስለሆነ «ኤስ» የለችበትም። ሌሊት ፕሮግራሙ ሲነሳ ሁለቱ አይገጥሙለትም፤ አዲስ መሣሪያ የመጣ መስሎት ሌላ መስመር ይከፍታል። ጠዋት መዝገቡ ላይ አንዱ አይፓድ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ዋጋ አለው ሁኔታ የለውም፣ ሌላው ሁኔታ አለው ዋጋ የለውም። በርካሽ የተገጣጠሙ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ በሲሪያሉ ቦታ «በአምራቹ ይሞላል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዳለ ይገኛል፤ አሥር ኮምፒውተር ይህን ከያዘ ፕሮግራሙ አሥሩንም አንድ ያደርጋቸዋል።

ሌሎቹም መለያዎች እንከን አላቸው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2017 ስልኮችን መመዝገብ ሲጀምር ብዙዎቻችን የተዋወቅነው ባለ15 አሃዙ አይኤምኢአይ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ ሁለት ነው፤ ሲም የማይቀበል ታብሌት ላይ ጭራሹን የለም። የዋይፋይ አድራሻም ቢሆን ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ በየኔትወርኩ የሚለዋወጥ ሆኗል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ የትኛው መረጃ ላይ የማን ቃል ይጸናል? ኢንቱን የመሣሪያው ዋና ተጠቃሚ አድርጎ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ያስመዘገበውን ሰው ነው። አንድ ባለሙያ 40 ታብሌት በራሱ አካውንት አዘጋጅቶ ለመስክ ሠራተኞች ቢያከፋፍል፣ ያ መረጃ በቀጥታ ወደ ንብረት መዝገቡ ሲፈስ 40ውም በባለሙያው ስም ይሆናሉ፤ የፈረሙት ሰዎች ስም ይጠፋል። ስለዚህ ተረካቢ፣ ዋጋና ዋስትና ከንብረት መዝገቡ አይነኩም፤ የሲስተም ሥሪት፣ የደኅንነት ሁኔታና መጨረሻ የታየበት ሰዓት ከኤምዲኤሙ ይመጣሉ። ሁለቱ በተጠቃሚው ስም ካልተስማሙ ፕሮግራሙ ዳኛ መሆን የለበትም፤ ልዩነቱን ለሰው ያሳውቅ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የጠፋ ዕቃ ነው። በኢንቱን ላይ ለወራት ያልታየ መሣሪያ በራሱ ጊዜ ከዝርዝሩ እንዲወጣ የሚያደርግ ደንብ መክፈት ይቻላል፤ ለአይቲ ክፍሉ ስክሪን ንጹሕ መሆን ይጠቅማል። ነገር ግን «ኤምዲኤሙ ላይ የሌለውን ከመዝገቡም ሰርዝ» ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ካለ፣ የተሰረቀው ላፕቶፕ ከሁለቱም ቦታ በአንድ ሌሊት ይሰወራል፤ ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲደረግ የሚጠይቀው አይኖርም። የንብረት መዝገብ ዋነኛ ሥራ በእጅ የሌለውን ዕቃ ማስታወስ ነው። በሌላ በኩል ዝምታ ሁሉ መጥፋት አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በታብሌት የሚጠቀሙበት የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌም መሥራት አለበት። እዚያ ሳምንታት ያልታየ ታብሌት በታማኝ እጅ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ አበባ ቢሮ ላፕቶፕ የሚሠራው የቀን ገደብ ለእሱ አይሠራም።

የግል ስልክም የራሱ ወሰን አለው። ከአይኦኤስ 13 ወዲህ አፕል ለግል መሣሪያ ባዘጋጀው ምዝገባ፣ ከአንድሮይድ 12 ወዲህም የሥራ ክፍል ብቻ በተከፈተበት የግል ስልክ፣ አሠሪው ሲሪያል ቁጥሩን አያገኝም። ትክክልም ነው፤ የሠራተኛው ስልክ የድርጅቱ ንብረት አይደለምና በንብረት መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን ስምና መሣሪያ አያይዞ የሚያከማች ድርጅት ለምን እንደሚያስፈልገው ማስረዳት ይኖርበታል።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው። ማገናኛው ኤምዲኤሙን ለማንበብ ብቻ ፈቃድ ይኑረው፤ መሣሪያ የማጥፋት ሥልጣን ያለው ቁልፍ በሌሊት ፕሮግራም ውስጥ አታስቀምጡ። ለመጀመሪያው ወር ምንም ሳይለውጥ ልዩነቶቹን ብቻ ይዘርዝር። ዝርዝሩንም ለብቻችሁ አትዩት፤ ከንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ መስመር በመስመር ፍቱት።