አንደበትን ማስጾም

ጾም ሲገባ ሥጋውንና ቅቤውን መተው ብዙዎቻችን እናውቅበታለን። ምላስን ማስጾም ግን ሁላችንንም ያቅተናል። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው፣ ማለትም በዐቢይ ጾም በሚዜመው መጽሐፉ፣ ዓይንና ጆሮ፣ አንደበትም ጭምር እንዲጾሙ ያሳስባል። ታዲያ አንደበት የሚጾመው እንዴት ነው? ወደ እግዚአብሔር ከመቅረብ ጋርስ ምን አገናኘው?

ከሁለተኛው ጥያቄ እንጀምር። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሦስተኛው ምዕራፍ አጥብቆ የሚወቅሰን እግዚአብሔርን ባመሰገንንበት አፍ በእርሱ አምሳል የተፈጠረውን ሰው ስለምንራገም ነው። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግመን፣ ከበር ሳንወጣ የቤት ሠራተኛዋን ስንሰድብ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለ ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ይላል። በቅዳሴም ከቁርባን በፊት ዲያቆኑ ሕዝቡን እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ ብሎ ያዝዛል። ከሰው ተኳርፎ ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ አቋራጭ የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ከምን ልጀምር? ከጸሎት። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን 7 የጸሎት ሰዓታት አሏት፤ ከነግህ፣ ማለትም ከማለዳው፣ እስከ መንፈቀ ሌሊት ድረስ። ሥራና ልጆች ላሉት ሰው ሁሉንም ማድረስ ይከብዳል። ለመጀመሪያ የማለዳውንና የመኝታውን ይያዙ። ማለዳ ከዳዊት 140ኛውን መዝሙር ይጨምሩ፤ በአንዳንድ ኅትመት ቁጥሩ 141 ነው። አጭር ነው፣ ለአፍ ጠባቂ እንዲደረግለት የሚለምን ሰው ጸሎት ነው።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት «ዛሬ ማንን በቃል ጎዳሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ስሙን ይጥሩ፣ ያሉትንም ቃል ያስታውሱ። «ሰው አስቀይሜ ይሆናል» ብሎ ማለፍ ነገ ምን ማስተካከል እንዳለብዎት አይነግርዎትም።

ቁጣ ሲመጣስ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሥራው ሁሉ ከመናገር በፊት ነው። የግብፅ በረሃ መነኩሴ አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምዱ ድረስ 3 ዓመት አፋቸው ውስጥ ድንጋይ ይይዙ እንደነበር ስለ አበው የተጻፈው ይናገራል። እርስዎ ድንጋይ መያዝ አይጠበቅብዎትም። መልሱ ምላስዎ ላይ ሲደርስ በልብዎ «እግዚኦ» ይበሉ፤ ደግመው ይበሉት። በዚያች ፋታ ውስጥ የሚናገሩትን መምረጥ ይቻላል። በስልክ የሚጻፍ መልስም እንዲሁ ነው፤ የተናደዱበትን መልእክት ሳይልኩ ያሳድሩት።

ሐሜት ግን ከቁጣ ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ቁጣ ያስደነግጠናል፤ ሐሜት ደግሞ ይጥማል፣ ያስቃል፣ ቡናውን ያጣፍጣል። አቦሉ በደኅና ወሬ ተጠጥቶ ቶናው ላይ «የእገሊትን ጉድ ሰማችሁ?» ይባላል። እዚያ ላይ ጎረቤትን መገሠጽ አያስፈልግም፤ ስብከት ቢጀምሩ ቡናው ይበላሻል፣ ሰውም ይሸሻል። «ምስኪን፣ ልጇ እንኳ ታሞባታል፤ ብንጠይቃትስ?» ማለት ይበቃል። ስለ እርሷ እውነት የሆነ አንድ በጎ ነገር ከተነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ መንገዱን ይቀይራል። ካልቀየረ፣ ሲኒዎቹን ለማጠብ መነሣትም ይቻላል።

ታዲያ እውነቱን ልደብቅ ማለት ነው? አይደለም። ወንጌል የበደለህን ወንድም ብቻውን አግኝተህ ንገረው ይላል። መናገር ታዟል፤ ለብቻ መሆኑም ታዟል። ልጅዎን በእንግዳ ፊት አይቆጡት። «አንተ ሰነፍ ነህ» ከማለት «ዛሬ የቤት ሥራህን አልሠራህም» ይበሉት። የመጀመሪያው በልጁ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ያጠፋውን ነግሮ የሚታረምበትን ያሳየዋል። ለባልም፣ ለሚስትም፣ ለሥራ ባልደረባም ይኸው ነው።

ምን ያስከፍለኛል? ገንዘብ አይደለም። ጸሎትም ንስሐም አይሸጡም፤ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በብር ሊገዛ የመጣውን ሲሞንን ጴጥሮስ አጥብቆ ገሥጾታል። ዋጋው ሌላ ነው። በክርክር የመጨረሻውን ቃል ለሌላው መተው አለ። ዝም ሲሉ «ፈርቶ ነው» የሚል ይኖራል። ከቡናው ወዳጆችም አንዳንዶቹ ይቀዘቅዛሉ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ከእኛ ለሚያንስ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ነው። አባት ለልጁ፣ አለቃ ለጥበቃው፣ እመቤት ለሠራተኛዋ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ይህን ዋጋ የከፈለ ሰው ግን ማታ ለጸሎት ሲቆም የሚሸሸው ነገር የለውም።

ቢያመልጠኝስ? ያመልጥዎታል። ያኔ ወደ ንስሐ አባትዎ፣ ማለትም ኃጢአትዎን ወደሚናዘዙላቸው ካህን ይሂዱ። «ተናድጄ ነበር» ብለው አይሸፍኑት፤ ለማን ምን እንዳሉ ይናገሩ። እርሳቸውም ቀኖና ይሰጡዎታል፤ ቀኖና ማለት እንደ ስግደት፣ ጸሎትና ምጽዋት ያለ የንስሐ ሥራ ነው። ይሁንና ለካህን መናዘዝ የተሰደበውን ሰው ይቅርታ ከመጠየቅ አያድንም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሰውየው ይቅርታዬን ባይቀበልስ? ቁስሉ ትኩስ ሊሆን ይችላልና አይጫኑት። ጥቂት ቆይተው ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው ሽማግሌ አድርገው ይላኩ። ያም ካልሆነ በማታው ጸሎት ስሙን ያንሡ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙትም፣ መለሰም አልመለሰም፣ ቀድመው ሰላም ይበሉት።